ፈረሰኛውን በጥሞና

የሰው ልጅ የማይቀናበት ነገር የለም። በሹመት ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፣ በጎረቤቱ አጥር ቁመት ሳይቀር ይቀናል። እነዚህ የታወቁና የተከበሩ ቅናቶች ናቸው፤ የያዙት ሰው ለንስሐ አባቱ ቢናገራቸው አያፍርም። እኔ ግን የቀናሁት በአንድ ሰው አስተኛኘክ ነው። አዎ፣ በማኘኩ። ይህን ይዤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ብሄድ ምን ቀኖና ይሰጡኛል? «ሂድና ስገድ» ነው የሚሉኝ ወይስ «ሂድና ብላ»? እስከ ዛሬ ስላላወቅሁት ለእናንተ መንገሩን መርጫለሁ።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ፈረሰኛን ማወቅ ያስፈልጋል። ዶሮ በወጉ ስትገነጠል አሥራ ሁለት ብልት ይወጣታል፤ እያንዳንዱ ብልት ደግሞ ባለቤት አለው። ክንፉ የልጅ ነው፣ ታፋው የእንግዳ ነው፣ አንገቱ ዝም ላለ ሰው ነው የሚደርሰው። ፈረሰኛው፣ ያ የደረቷ ሥጋ፣ የአባወራ ነው። ይህ ሕግ አንቀጽ የለውም፤ ስለዚህም ማሻሻያ የለውም።

አማቴ እትዬ አጸደ ባላቸው የሞቱባቸው እኔ ልጃቸውን ስንዱን ከማግባቴ በፊት ነው። ጅማ መርካቶ አጠገብ ባለው ቤታቸው ፈረሰኛው ለጥቂት ዓመታት ያለ ጌታ ኖረ። እኔ የመጀመሪያው አማች ሆኜ የገባሁ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ፋሲካ፣ እትዬ አጸደ ፈረሰኛውን ከድስቱ አውጥተው ከፊቴ አስቀመጡት። እንባዬ ሊመጣ ነበር። ያን ጊዜ የመጣው ግን ምራቄ ነው።

በመሥሪያ ቤቴ ሹመት አግኝቼ አላውቅም። ግምገማ በመጣ ቁጥር «ጠንካራ ጎን፦ ሰዓት ያከብራል» ተብሎ የሚታለፍ ሰው ነኝ፤ ሰዓት የማከብረውም ምሳ ሰዓትን መሆኑን ገምጋሚዎቹ ያውቁ ነበር። ነገር ግን በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ፈረሰኛ ነበርኩ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ፈረስ ላይ እወጣና እወርድ ነበር። ለአንድ ሰው ይህ አይበቃም?

ታዲያ ግርማቸው መጣ።

ግርማቸው የሚስቴን ታናሽ እህት ሮማንን ያገባ የሊሙ ገነት ልጅ ነው። ሥራው ቡና ቀማሽ ነው። ይህን ሥራ ለማታውቁት፦ ጠረጴዛ ላይ ስኒ ይደረደራል፤ ቀማሹ በማንኪያ ቀድቶ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ «ስርርርፕ» ያደርገዋል፤ አፉ ውስጥ እንደ ጉዳይ ያንከባልለዋል፤ ከዚያ «እንትፍ» ይለዋል። ከተፋው በኋላ ወደ ጣሪያው አየት አድርጎ «ሎሚ ሎሚ ይላል» ወይም «መጨረሻው ላይ አበባ አለው» ይላል። ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል። እኔ ቢሮ ውስጥ ፉት ብዬ ብተፋ የሚጠብቀኝ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው።

ይህ ሰው የአማቴ ማዕድ ላይ መጀመሪያ የተቀመጠ ዕለት የሆነውን አልረሳውም። እኛ እንደ ሰው ስንጎርስ እሱ አውራ ጣት የምታህል እንጀራ ቆረሰ። አጠቀሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ማኘክ ጀመረ። ሲያኝክ፣ ሲያኝክ፣ ቤቱ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ዋጠና፣ «እማዬ፣ ኮረሪማው ዘንድሮ ቀደም ብሎ ነው የገባው» አለ።

«ውይ!» አሉ አማቴ ደረታቸውን ይዘው። «በምን አወቅህ የኔ ጌታ!»

እኔ በኮረሪማው አልቀናሁም። «አወቅህ» የምትለዋ ቃል ናት የወጋችኝ። እትዬ አጸደ እኔን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ነው የሚሉኝ። «ይብሉ እንጂ አቶ አያሌው»፣ «እንዴት ከረሙ አቶ አያሌው»። ይህን አክብሮት እንደ ኒሻን ደረቴ ላይ ሰክቼ ስዞር ኖሬያለሁ። ግርማቸው ግን በአንድ ጉርሻ «አንተ» ሆነ፤ እላዩ ላይም «የኔ ጌታ» ተጨመረለት። ያን ዕለት ነው አንቱታ ማለት አጥር መሆኑ የገባኝ። እኔ ከአጥሩ ውጪ የቆምኩ የተከበርኩ ሰው ነኝ። እሱ ውስጥ ገብቶ ያኝካል።

ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ አየሁት። እኔ የምበላው የተባረረ ሰው እንደሚበላው ነው፤ አማቴም ይህን አይተው «አቶ አያሌው ምግብ አይመርጡም» ይሉኛል። እሱ ያኝካል፣ ያስባል፣ ይፈርዳል። ገና ላይ ደግሞ አማቴ ፈረሰኛውን እንደ ወትሮው ከፊቴ ሳይሆን ከትሪው መሀል አስቀመጡና «ለሁለታችሁ» አሉ። ለሁለታችሁ! ድንበር ሲሰመር አይቻለሁ፤ በሽምብራ ማሳ ላይም አይቻለሁ፤ በወጥ መሀል ሲሰመር ግን የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ፋሲካ አንድ ነገር ካላደረግሁ ፈረሰኛው ድንበር እንደሚሻገር አወቅሁ።

እግዚአብሔር ሲረዳ ሥልጠና ይልካል። በሁዳዴ አጋማሽ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጠራን። በዚያ ዘመን የማንሠለጥንበት ነገር አልነበረም፤ ወንበር አቀማመጥ ላይ እንኳ ሠልጥነናል። የዚያ ቀን ርዕስ ግን «በበዓላት ወቅት በጥሞና ስለመመገብ» ይላል። ባለሙያው እንደ ሽምብራ ቆሎ የደረቀ ወጣት ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ ፍሬ ቆሎ አደለን። አንድ ፍሬ! «ተመልከቱት፤ አሽትቱት፤ ድምፁን አዳምጡ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አኝኩት» አለን። አጠገቤ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ «እኔ ሳላዳምጠው አልቋል፤ ሌላ ይጨመርልኝ» ብሎ እጁን አወጣ። እኔ ግን አዳመጥኩት። ገብሱን ሳዳምጥ የሰማሁት የግርማቸውን መንጋጋ ነበር። ለካ እሱ በተፈጥሮ ያገኘው ነገር በሥልጠናም ይገኛል!

ወጣቱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ብዙ አስተማረን። ከመጉረስ በፊት ሆዳችንን «እውነት ርቦሃል?» ብለን እንድንጠይቅ አዘዘን። በተለይ «በቃኝ» ስለሚለው ቃል የተናገረው ልቤ ውስጥ ቀረ። «"በቃኝ" ያለን ሰው እመኑት» አለ። «"በሞቴ" ብሎ ማስገደድ የሰውን ሆድ ያለ ፈቃዱ መያዝ ነው።» አጨበጨብን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴ በሽሮ ልምምድ ያዝኩ። ሚስቴ ስንዱ ዓይኔን ጨፍኜ ሳኝክ አይታ «ጥርስህን አመመህ?» አለችኝ።

«ጥሞና ላይ ነኝ» አልኳት።

«ጥሞና የያዘ ሰው ገዳም ይገባል። አንተ ግን ሽሮው እየቀዘቀዘብህ ነው» ብላኝ ሄደች። ታላላቅ ነገሮች ሲጀመሩ ሚስት አታምንም።

ፋሲካ ደረሰ። በቀትር በባጃጅ ተጭነን አማቴ ቤት ገባን። በትሪው ዙሪያ አማቴ፣ ሚስቴ፣ ሮማን፣ ግርማቸውና እኔ አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ በዚያ ዘመን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ትሪው አንድ፣ እኛ አምስት መሆናችን ነው። የአማቴ የዘመናት ጎረቤት አዴ ዘይነባ ደግሞ ከጎናችን በራሳቸው ትሪ ተቀምጠዋል። የሳቸውን ዶሮ የራሳቸው ልጅ አርዶት ለብቻው ድስት የተሠራ ነው። የጅማ ጉርብትና እንዲህ ነው፤ ድስቱ ሁለት፣ ወሬው አንድ።

ሁሉም እጁን ታጥቦ፣ የሁዳዴን ጾም ጨርሶ፣ ወጡን እያየ ባለበት ሰዓት እኔ ንግግር ለማድረግ ተነሣሁ። አሁን ሳስበው ሰው ያልገደለኝ በዓል ስለሆነ ነው። በጥሞና ስለመብላት አስረዳሁ። ስለ ቆሎዋ ተናገርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌም «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት "በቃኝ" ያለ ሰው ይታመን! "በሞቴ" ማለት የሰውን ሆድ ያለ ፈቃዱ መያዝ ነው!» ብዬ ጨረስኩ። አማቴ ምርቃት መስሏቸው ነው መሰለኝ «አሜን» አሉ።

«ኣሚን» አሉ አዴ ዘይነባም። «ሱታ ኛቹን ጋሪ ዻ። ቀስ ብሎ መብላት ጥሩ ነው። የኔም ሐኪም ብሎኛል፤ እሱ ግን ይህን ዶሮ አላየም።»

ጀመርን። አውራ ጣት የምታህል እንጀራ ቆረስኩ። ግርማቸውን በጎን ዓይኔ አየሁት፤ እሱም ያንኑ ቆርሷል። የኔን በግማሽ ቀነስኩት። አጠቀስኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ማኘክ ያዝኩ። በጨለማዬ ውስጥ ብዙ ድምፅ ይሰማኛል፦ እጅ ከትሪ ሲነሣ፣ አጥንት ሲጋጥ፣ ሮማን ጣቷን ስትልስ። አላመነታሁም። ወጡ ውሃ እስኪሆን አኘክሁት፤ ከውሃም አልፎ ትዝታ እስኪሆን።

ዓይኔን ስገልጥ ከፊቴ የነበረው እንቁላል የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ሄዷል። ወዴት እንደሄደ የሚስቴን ጉንጭ አይቼ አወቅሁ።

«ምነው አቶ አያሌው» አሉ አማቴ ፊታቸው ጠቆር ብሎ፣ «ጨው በዛበት?»

አሁን የኔ ጊዜ ነው። ግርማቸው እጁን ገታ። ወደ ጣሪያው አየሁ። ኮረሪማ ልበል? እሱ ብሎታል። ኮሰረት ልበል? ብሳሳትስ? በመጨረሻ ያለኝን ሁሉ ድፍረት ሰብስቤ «እማዬ፣ ይህ ወጥ... ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» አልኩ።

ግርማቸው ሳል ያዘው።

«አዎ» አሉ አማቴ በትሕትና፣ «ሽንኩርት አለበት።»

ይሁን እንጂ እትዬ አጸደ ጨዋ ሴት ናቸው። እንግዳ ሲያፍር ማየት አይወዱም። እጃቸውን ወደ ድስቱ ሰደዱና ፈረሰኛውን አወጡ። በትሪው መሀል አላስቀመጡትም። ድንበሩን አልፈው፣ በሙሉ ክብር፣ ከፊቴ አኖሩት። «ይብሉ እንጂ አቶ አያሌው፣ ምንም አልቀመሱም» አሉኝ።

ድል! ግርማቸውን አየሁት። የዶሮዋን አንገት እያኘከ ነው። ያን ጊዜ ፈረሰኛውን አንሥቼ ብገምጠው ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያልቅና እኔም ዛሬ የማላሳፍር ሰው እሆን ነበር። ግን ድል ያገኘ ሰው መቼ ይበቃዋል? በድሌ ላይ ጌጥ ልጨምርበት ፈለግሁ። የሥልጠናውን ትልቁን ጥበብ በሰው ሁሉ ፊት ላሳይ አልኩና ሆዴን እየዳበስኩ «እውነት ርቦሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሆዴ የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ጨዋ አንባቢ አለ። ቢሆንም ፈረሰኛውን በሁለት ጣቴ በስሱ ገፋ አድርጌ፣ «በቃኝ» አልኩ።

እዚህ ላይ እንድትፈርዱልኝ እለምናለሁ። በአገራችን «በቃኝ» ምን ማለት ነው? «እንደገና ለምኑኝ» ማለት አይደለምን? «በቃኝ» ሲባል «በሞቴ» ይከተላል፤ «ኧረ በቃኝ» ሲባል «አፈር ስሆን» ይከተላል፤ ከዚያ ሰውየው እያቃሰተ፣ የተገደደ መስሎ፣ በደስታ ይጎርሳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። እንዲያውም በዚያችው ቅጽበት አዴ ዘይነባ ከጎኔ ትሪያቸውን ገፋ አድርገው «ቁፌራ» ብለው ነበር፤ በኦሮምኛ ጠግቤያለሁ ማለታቸው ነው። የኔ ጆሮ ግን ይህን ቃል ሁልጊዜ «ቁፈራ» እያለ ነው የሚሰማው፤ ያልተሳሳተም ይመስለኛል፤ ጅማ ውስጥ ቁፌራ ያለ ሰው ቁፋሮውን እንደገና ነው የሚጀምረው። አማቴም ወዲያው ዞረው «ምን ቁፌራ! ኛዻ! ይብሉ! በሞቴ!» ብለው ከራሳቸው ከአዴ ዘይነባ ድስት አንድ ታፋ ጫኑባቸው። አዴ ዘይነባ አቃሰቱ፤ ተቀበሉ፤ ቆፈሩ።

ስለዚህ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። «በሞቴ» እስኪሉኝ ፊቴን አዘጋጅቻለሁ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ፈረሰኛውን አዩት። እኔን አዩኝ። «እሺ» አሉ።

እሺ?

«እርስዎ በቃኝ ካሉ በቃዎት ማለት ነው። "በቃኝ" ያለ ሰው ይታመን ብለው አሁን አይደል ያስተማሩን? እኔ ደግሞ የሰው ሆድ ያለ ፈቃዱ አልይዝም።»

እነሆ በአገራችን የተሰጠ ሥልጠና ወደ ተግባር ሲለወጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁ።

አማቴ ፈረሰኛውን ከፊቴ አነሡት። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው፣ በእንጀራ ጠቅልለው፣ መረቁን አጠጥተው፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ ሠሩ። «እንካ የኔ ጌታ፣ አንተ እንኳ ብላልኝ» ብለው ወደ ግርማቸው ዘረጉት። ግርማቸው የተቀመጠው ከኔ ወዲያ ነው። ስለዚህ ፈረሰኛው ወደ አዲሱ ጌታው ሲሄድ መንገዱ በአፍንጫዬ ሥር ነው። ቀስ ብሎ አለፈ። ቅቤው ሸተተኝ። ተመልከቱት፣ አሽትቱት፣ አዳምጡት ያለው ወጣት ትዝ አለኝ። ተመለከትኩት። አሸተትኩት። ሰሎሞን «ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው» ያለው ስለ ሰው አጥንት ይመስለኝ ነበር፤ ከፊቴ የቀረችውን የፈረሰኛ አጥንት ሳይ ስለ ዶሮ ነው የተናገረው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረግሁት እኔ ነኝ ለማለት ይቸግረኛል። አንገቴ በራሱ ዘለለ። አፌ በራሱ ተከፈተ። ጉርሻው ገባ። ከጉርሻውም ጋር የአማቴ ሁለት ጣቶች ገቡ፤ ያን ያወቅሁት ጥርሴ ሲገጥም ነው።

«አንተ!!» ብለው ጮኹ እትዬ አጸደ።

አንተ! ስንት ዘመን የተመኘሁት ቃል! ሰማሁት፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ግን ጉሮሮዬ በፈረሰኛ ስለተዘጋ ልደሰትበት አልቻልኩም። ዓይኔ ፈጠጠ። «ቢስሚላሂ! ማል ታቴ? ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ!» አሉ አዴ ዘይነባ። ሚስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትሣቅ ወይም ታልቅስ አላውቅም፤ ነጠላዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጀርባዬን እየደቃ ያዳነኝ ማን ነው? ግርማቸው። ፈረሰኛው ሳይታኘክ፣ ሳይጣጣም፣ ሙሉውን ወረደ። ምን ምን እንደሚል ብትጠይቁኝ ጣት ጣት ይላል።

የዚያን ዕለት ግርማቸው የተናገረው ነገር ከሁሉ በላይ አሳረረኝ። አማቴ ጣታቸውን በውሃ እያቀዘቀዙ «ልጄ፣ ፈረሰኛህን...» ሲሉት፣ በጨዋነት ዝቅ ብሎ «ምንም አይደል እማዬ፤ እኔን ይበቃኛል» አላቸው።

«ምን ይበቃሃል! በሞቴ!» አሉት። ታፋውን ሰጡት።

ኋላ እጃችንን ልንታጠብ ግቢ ስንወጣ ብቻችንን ሆንን። ውሃ እያፈሰሰልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እኔ እቀናብዎታለሁ» አለኝ። የሚያሾፍ መሰለኝ።

«እኔ ቀስ ብዬ የምበላው አጣጥሜ አይደለም» አለ። «አፌ የለመደው መትፋት ነው። ሙሉ ቀን ፉት፣ እንትፍ፣ ፉት፣ እንትፍ። አንድ ነገር አፌ ሲገባ ሊተፋው ይነሣል። እማዬ ፊት እንዳልተፋ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን እለምነዋለሁ፤ "ዋጥ፣ ዋጥ፣ ስለ እግዚአብሔር ዋጥ" እለዋለሁ። እርስዎ ሳይለምኑ ሲውጡ ሳይ አንጀቴ ያርራል።»

«ኮረሪማውስ?» አልኩት።

«ሮማን ናት የምትነግረኝ፤ ድስቱን እሷ ናት የምታማስለው» አለ። ከዚያ ትንሽ አመነታና፣ «ደግሞ እርስዎን "እርስዎ" ይሉዎታል፤ እኔን እንደ ልጅ "አንተ"። ባለሥራ ሰው ነኝ እኮ ጋሼ!» አለኝ።

እነሆ ሁለት አማቾች፣ አንዱ በአንዱ ሲቃጠሉ ስንት በዓል አለፈ! ቤት ውስጥ እንጨት መፍጀት አያስፈልግም ነበር፤ በኛ ብቻ ወጡ ይበስል ነበር።

እግዚአብሔር ግን የሁለታችንንም ጸሎት ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ አጸደ ግርማቸውን ስለ ጨዋነቱ «እርስዎ» ይሉታል፤ «ይብሉልኝ አቶ ግርማቸው» ሲሉት በሰማሁ ቁጥር ምን እንደሚቆርጠኝ አልነግራችሁም። እኔን ደግሞ «አንተ» ይሉኛል። አጥሩን ገብቻለሁ። ፈረሰኛውም ተመልሶልኛል፤ «በቃኝ» ብልም ባልልም እሳቸው ራሳቸው ጠቅልለው ያጎርሱኛል። በጥሞና ስለመመገብም ቢሆን ሥልጠናው ከንቱ አልቀረም፤ እኔ በጥሞና አልበላም እንጂ አማቴ በታላቅ ጥሞና ነው የሚያጎርሱኝ። ፈረሰኛው ሲወጣ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ «አንተ፣ አፍህን ክፈት» ይሉኛል፤ እከፍታለሁ፤ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው ያጎርሱኛል፤ በሹካ።